ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዲዛይን የምትወዱትን ያህል ርክክብ እንደማትወዱ አውቃለሁ። ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ፣ መስታወቱ ተገጥሞ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ልባችሁ ወደ ቀጣዩ ሥራ ይሸፍታል። ሳይቱ ላይ ግን ገና ብዙ ጣጣ አለ። አሠሪው የሚያስታውሳችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን በነበራችሁ አያያዝ ነው።

ኮንትራክተሩ «ጨርሻለሁ፣ ተረከቡኝ» ብሎ ደብዳቤ ሲያስገባ ወዲያው ኮሚቴ ሰብስባችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ለብቻችሁ ዙሩ። ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። መጸዳጃ ቤት ስትገቡ አንድ ባልዲ ውኃ ወለሉ ላይ ድፉና ቆማችሁ እዩ። ውኃው ወደ መውረጃው ሳይሄድ ጥግ ላይ ከተኛ፣ ሴራሚኩ የቱንም ያህል ቢያምር ተነሥቶ እንደገና ይሠራ። በሳንቲምም መታ መታ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ካሰማ ሥሩ በደንብ አልሞላም ማለት ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ከሆነ መውረጃውን ድፈኑና ውኃ አቁሩበት፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ «ውኃ የለም» የሚል ሰበብ አይጠፋም። ቦቴ ይምጣ! በጥር ሳይፈተን የተረከባችሁት ጣሪያ በሐምሌ ጉዱ ይወጣል፤ ያኔ ኮርኒሱም አብሮ ተበላሽቷል።

ጉድለቱን በክፍል ቁጥር ጻፉት። «ቀለም ይስተካከል» የሚል ዝርዝር ጭቅጭቅ ነው የሚያመጣው። «ክፍል 204፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ቀለሙ ተላጧል» ከተባለ ፎርማኑም አይከራከርም። ማስተካከያ ቀን ይቀመጥለት፣ ከጊዜያዊ ርክክቡ ቃለ ጉባኤ ጋርም ይያያዝ። የምረቃ ቀን ተቆርጦ፣ ባነር ታትሞ «ዝም ብለህ ፈርም» የሚሏችሁ ይኖራሉ። አትፈርሙ። ለምረቃ የመጡት እንግዶች በማግስቱ የሉም፤ ፊርማችሁ ግን ፋይል ውስጥ ይኖራል።

አዝ ቢልት ላይ፣ ማለትም ሕንፃው በተግባር እንዴት እንደተሠራ በሚያሳየው ድሮዊንግ ላይ፣ በጣም አደራ እላችኋለሁ። በአገራችን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ድሮዊንግ ርዕሱ ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል። ይህ ሰውን መበደል ነው። ሥራው ላይ የውኃ ቧንቧው መስመር ተቀይሯል፣ ማንሆሉ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሏል። ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ሲፈነዳ ያ ምስኪን ጥገና ሠራተኛ ወረቀቱን አምኖ ጤነኛ ግድግዳ ያፈርሳል። ስለዚህ ለውጡን በየቀኑ ሳይቱ ላይ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ያዙት። ፎቶ አንሡ፤ ሜትር ዘርግታችሁ ከኮለኑ (ከምሰሶው) ያለውን ርቀት ጻፉ። መጨረሻ ላይ ከትዝታ የሚሠራ አዝ ቢልት ዋጋ የለውም።

ቁልፎቹ በየክፍላቸው ስም ይለጠፍባቸው። የፓምፑና የጄኔሬተሩ ማኑዋል፣ የዋስትና ወረቀቱ በአንድ ፋይል ይግባ። ሕንፃውን የሚይዘውን ቴክኒሺያን በአካል ይዛችሁ ዙሩ፤ ቫልቩን ራሱ ይዝጋው፣ ራሱ ይክፈተው።

በአብዛኛው ውል ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ 365 ቀን የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። ሙሉ ዓመት መሆኑ ሕንፃው አንድ ክረምት እንዲያይ ያደርጋል። ሪቴንሽንም፣ ማለትም ከኮንትራክተሩ ክፍያ ተቀንሶ የሚቆየው፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ የሚሆነው ገንዘብ፣ የሚያዘው ኮንትራክተሩ ተመልሶ እንዲያርም ነው። ገንዘቡን ያለበቂ ምክንያት አታዘግዩበት፤ የሠራተኛ ደሞዝ ያለበት ሰው ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ አያበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ኮንትራክተሩን ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ቃለ ጉባኤያችሁና ደብዳቤዎቻችሁ ያን ያህል ጊዜ መገኘት አለባቸው።

የማረሚያው ዓመት ሊሞላ ሲል ደብዳቤ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። ቀድማችሁ ሂዱና ከሥራ አስኪያጁ በፊት የጽዳት ሠራተኞቹን አነጋግሩ። የትኛው መውረጃ ቶሎ ቶሎ እንደሚደፈን፣ የትኛው መስኮት ዝናብ እንደሚያስገባ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ያሏችሁን ሄዳችሁ እዩ፣ ጻፉት፣ ኮንትራክተሩ ይሥራው። የመጨረሻው ርክክብ ላይ ከዚያ በኋላ ፈርሙ።