አፕዴት ሳደርግ የሚወርደው ቀይ ጽሑፍ ምንድነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ዴታ የምሰራው በአር (በስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ነው፣ ላፕቶፔ ደግሞ የሚሰራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ባለፈው ሳምንት ፓኬጆቼን (አር ላይ የሚጨመሩትን ተቀጥላዎች) በሙሉ አፕዴት ላድርግ ብዬ ጀመርኩና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀይ ጽሑፍ ሲወርድ ቆየ፣ ዋርኒንግ፣ ኖት፣ ደግሞ ዋርኒንግ፣ አንዱም አልገባኝም። ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ያንኑ ስታደርግ ምንም አልመጣባትም። ውጤቴ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አማካሪዬን እንዳልጠይቅ እሳቸው የሚሰሩት በሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ በኤስፒኤስኤስ ነው። (ጭንቅ የያዛት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ተኚ። ቀለሙን ደግሞ እርሺው፣ አርስቱዲዮ (አርን የምትጽፊበት ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ ኤረርም ይሁን ዋርኒንግ ወይ ዝም ብሎ "ይሄን እየጫንኩ ነው" የሚል ወሬ ሁሉንም በቀይ ነው የሚጽፈው።

ጓደኛሽ ጋ ያልመጣው ለምን መሰለሽ፣ ዊንዶውስ ላይ ክራን (የአር ፓኬጆች ማከማቻው) ፓኬጁን ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው መልክ ቀይሮ፣ ጨርሶ ነው የሚልክላት፣ የተጋገረ እንጀራ እንደመግዛት በይው። አንቺ ኡቡንቱ ላይ ስለሆንሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልሽ ዱቄቱ ነው፣ ያንቺው ላፕቶፕ አቡክቶ ይጋግራል፣ ስለዚህ ጭሱም አንቺ ቤት ነው የሚታየው። ያ ሁሉ ዋርኒንግ ኮምፓይለሩ ለፓኬጁ ደራሲ የሚናገረው ነው፦ "ይሄን ቫሪያብል ፈጥረህ አልተጠቀምክበትም"፣ "ይሄ ፈንክሽን ጊዜው ያለፈበት ነው" ምናምን። አንቺን አይመለከትም ማለት ይቻላል። ኖት የሚለው ደግሞ ለብቻው የቆመ ችግር አይደለም፣ ከላዩ ያለው ዋርኒንግ ጭራ ነው፣ "ያልኩት ነገር የተጻፈው እዚህ መስመር ላይ ነው" ብሎ ቦታ ይጠቁማል፣ በቃ።

ማየት ያለብሽ የእያንዳንዱን ፓኬጅ መጨረሻ ነው። ኮከብ ምልክት፣ ከዛ "ደን"፣ ከዛ የፓኬጁ ስም ካለ ገብቷል። "ነን-ዚሮ ኤግዚት ስታተስ" ካለሽ ግን አልገባም፣ ያኔ ወደ ላይ ውጪና መጀመሪያ ኤረር የሚለውን መስመር ፈልጊ (የመጨረሻውን አይደለም፣ የመጨረሻው ሁሌ የሌላው መዘዝ ነው)። ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የጎደለ የሲስተም ላይብረሪ ነው፣ ለምሳሌ ከርል የሚባለው ፓኬጅ አልጫን ሲል ሊብከርል4-ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭን ጫኚ ብሎ እዛው ይነግርሻል፣ በአፕት (በኡቡንቱ የመጫኛ ትዕዛዝ) መጫን ነው። ደግሞ አፕዴቱ ቢከሽፍ እንኳን አር በአብዛኛው የድሮውን ቨርዥን መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ባዶ እጅሽን አትቀሪም።

አሁን የኔን ፍርሃት ልንገርሽ። እኔ የሚያስፈራኝ የሚጮኸው ሳይሆን ዝም የሚለው ነው። ጂጂፕሎት2 (ግራፍ የሚሰራው ፓኬጅ) እ.ኤ.አ. በ2022 ቨርዥን 3.4.0 ሲወጣ የመስመር ውፍረት በሳይዝ መባሉ ቀርቶ ላይንዊድዝ ሆነ፣ በድሮው ከጻፍሽ ዋርኒንግ ይሰጥሻል፣ ግራፍሽ ግን ይወጣል፣ ይሄ ጨዋ ዋርኒንግ ነው፣ ስምሽን ጠርቶ ምን እንደምታደርጊ ይነግርሻል። አር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 4.0.0 ሲሄድ ግን ከሲኤስቪ የሚነበብ የጽሑፍ ኮለም በራሱ ፋክተር (በምድብ የተከፈለ ዴታ) መሆኑ ቀረ፣ ያኔ ስክሪፕት ላይ አንድም ዋርኒንግ የለም፣ ሌቭልሶቹን (ምድቦቹን) ስትጠይቂው "ነል" (ባዶ) ብሎሽ ዝም። ከዛ በፊት በ2019 ደግሞ 3.6.0 ላይ ሳምፕል የሚለው ፈንክሽን ቁጥር የሚመርጥበት ዘዴ ተቀየረ፣ ያንኑ ሲድ (የዕጣው መነሻ ቁጥር) ሰጥተሽው የተለየ ናሙና ያወጣልሻል፣ እሱም በዝምታ። ከሲኒየር የወረስሽው አሮጌ ስክሪፕት ካለሽ "እሷ ያገኘችውን ለምን አላገኘሁም" ብለሽ ሳምንት የምትጨርሺው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሁለቱ አር ራሱ ሲቀየር የመጡ ናቸው፣ ፓኬጅ ብቻ ስላደስሽ አይመጡብሽም፣ ግን ፓኬጆችም እንዲህ ያደርጋሉ፣ ያደረጉትንም "ኒውስ" የሚባለው ፋይላቸው ላይ ይጽፉታል፣ ማንም አያነበውም እንጂ።

ስለዚህ ስክሪፕትሽን ከአዲስ ሴሽን ከላይ እስከታች እንደገና አስነሺው፣ የሚወጣውን ቴብል አፕዴት ሳታደርጊ በፊት ካስቀመጥሽው ጋር አስተያዪ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ አበቃ። ከተለየ የተጠቀምሽባቸውን ሶስት አራት ፓኬጆች ኒውስ አንብቢ፣ መቶውንም አይደለም። ሴሽንኢንፎ የሚለውን ፈንክሽን ጠርተሽ የሚወጣውንም ከውጤትሽ ጋር ሴቭ አድርጊው፣ የትኛው ቨርዥን ላይ እንደሰራሽ እሱ ነው የሚመሰክርልሽ። ዲፌንስሽ ከደረሰ ደግሞ እባክሽ አፕዴት የሚባለውን ነገር እስክትመረቂ አትንኪው።

ጥያቄ፦ ድሮ ከጊትሃብ ያወረድኩት በሲ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለኝ፣ ለዓመታት ዋርኒንግ እየሰጠኝም ቢሆን ኮምፓይል ይሆን ነበር። ፌዶራን (ሊኑክሴን) ወደ አዲሱ ካሳደግኩ በኋላ ያው ዋርኒንግ ኤረር ሆኖ አረፈው። ኮዱ አልተነካ፣ ምን ተፈጠረ? (ግራ የገባው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የተቀየረው ኮምፓይለሩ ነው ወንድሜ። "ኢምፕሊሲት ዲክላሬሽን" የሚል ነበር አይደል? ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን ማለት ነው። የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ ይሄን የሰረዘው በ1999 ነው፣ ጂሲሲ (ፌዶራ ላይ ያለው የሲ ኮምፓይለር) ግን የድሮ ኮድ እንዳይሰበር ብሎ በዋርኒንግ ሲያልፈው ኖሮ ግንቦት 2024 (በፈረንጆቹ ሜይ) የወጣው ጂሲሲ 14 ላይ ኤረር አደረገው፣ ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ 16 ደግሞ ከዓመት በፊት ቀድሞታል። ጭካኔ አይምሰልህ፣ ኮምፓይለሩ ፈንክሽኑን ካላወቀው ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ይገምታል፣ ፈንክሽኑ የሚመልሰው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነ 64 ቢት የነበረው አድራሻ 32 ላይ ይቆረጣል፣ ከዛ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ይሰራል አንድ ቀን ይወድቃል።

እዚህ ጋ ኖቱን አንብበው፣ መድኃኒቱን ይዟል። ፕሪንትኤፍ ከሆነ ኤስቲዲአይኦ.ኤች የሚለውን ሄደር አስገባ ይልሃል፣ አንድ መስመር ነው። ከዛ በፊት ግን ጊትሃቡን ተመልሰህ እየው፣ ሌላ ሰው አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። የግድ ዛሬ ካስፈለገህ ኤፍፐርሚሲቭ የሚለው ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ትዕዛዝ) ወደ ዋርኒንግ ይመልስልሃል፣ ለጊዜው ብቻ። "ቡል" ላይ ደግሞ ኤረር ካወጣብህ ያ የጂሲሲ 15 ጉዳይ ነው፣ እሱ ሳትነግረው ሲ23ን (አዲሱን የሲ ስታንዳርድ) ይዞ ስለሚነሳ ቡል የቋንቋው ቃል ሆኗል፣ ስታንዳርዱን ጂኤንዩ17 ብለህ ስጠው።

አንድ ነገር ጠብቅ፣ ፕሮግራሙ ኮንፊገር ስክሪፕት (ከኮምፓይል በፊት የሚነሳ) ካለው ስክሪፕቱ ራሱ ትንንሽ የሲ ኮድ እየጻፈ ነው ሲስተምህን የሚፈትሸው፣ ያ የፍተሻ ኮድ አሮጌ ከሆነ በአዲሱ ኮምፓይለር ይወድቅና "ይሄ ላይብረሪ የለም" ብሎ ያልፋል፣ ፕሮግራሙም ያለ እሱ በሰላም ኮምፓይል ይሆናል። አፕዴት ካደረግክ በኋላ አንድ ፊቸር ከጠፋብህ የኮንፊግ ሎጉን ክፈተው።

ጥያቄ፦ ኮምፓይል ሳደርግ የኔው ደግሞ ተራ ዋርኒንግ ሁሉ ላይ ይቆማል፣ ያልተጠቀሙበት ቫሪያብል ላይ ሳይቀር። (አጭር ጠያቂ)

መልስ፦ ሜክፋይሉ (የኮምፓይል መመሪያው ፋይል) ውስጥ ደብልዩኤረር የሚል ፍላግ አለ፣ ደራሲው ለራሱ ስነስርዓት ብሎ ያስገባው ነው፣ አዲስ ኮምፓይለር አዲስ ዋርኒንግ ይዞ ሲመጣ አንተ ላይ ይቆማል። ፈልገህ አጥፋው።