ከቃሊቲ ሆነን ስለ መርከብ፦ ጥያቄና መልስ

በቃሊቲ፣ በቂሊንጦና በገላን አካባቢ ያላችሁ ስለ መርከብ ዲዛይንና ሞተር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጂቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ያመጣውን መርከብ ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። ዕድሜዬን በመርከብ ሞተር ክፍል ስላሳለፍኩ የማውቀውን ባካፍል ደስ ይለኛል። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ፤ እነሆ መልሱ።

የከባድ መኪና ሹፌር፣ ቃሊቲ፦ ጋሼ፣ እኔ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ጭኜ ኩርባ ላይ ልቤ ይመታል። መርከቡ ሺዎቹን ደራርቦ እንዴት አይገለበጥም?

መንሳፈፉ ቀላሉ ነው። የገፋው ውሃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ይንሳፈፋል። ከባዱ ነገር አንተ ያነሳኸው ነው፤ ሳይገለበጥ መቆሙ። የክብደቱ መሃል ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ ዘንበል ሲል ቀጥ የሚያደርገው ኃይል ይዳከማል። ስለዚህ ከባድ ኮንቴይነር ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይደረደራል። ከሥር ደግሞ የክብደቱን መሃል ወደ ታች ለማውረድ የባሕር ውሃ የሚሞሉ ታንኮች አሉ።

ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ የሰመጠው ላዩ ስለከበደ ነው። የመጀመሪያ ጉዞው ነበር፤ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ንፋስ አጋደመው። የሚያሳዝነው፣ ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች መርከቡ ላይ ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ ተሞክሯል። በጣም ስለተወዛወዘ ሙከራው ተቋረጠ፤ መርከቡ ግን ሄደ። ዛሬ አዲስ መርከብ ሲያልቅ ክብደቱ የታወቀ ብረት ወደ ጎን እያዛወሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካሉ። አንዱ መለኪያ ግንበኞቻችን የሚይዙት ቱንቢ ነው።

የምህንድስና ተማሪ፣ ቂሊንጦ፦ ባሕር የሌለው አገር ውስጥ ሆኖ የመርከብ ምርምር ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የመርከብ ምርምር ትልቁ ክፍል የሚሠራው ገንዳ ውስጥ ነው። ዊሊያም ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶርኪ በተባለች ከተማ፣ ቤቱ አጠገብ ረጅም ገንዳ ሠራ። ከፓራፊን ሰም የተሠሩ ትናንሽ መርከቦችን እየጎተተ ውሃው የሚይዛቸውን ኃይል ለካ።

ጭንቁ ይሄ ነበር፦ ትንሹ ሞዴል የትልቁን ጠባይ እንዲያሳይ በምን ፍጥነት ይጎተት? ሞዴሉ 50 ጊዜ ካነሰ፣ ፍጥነቱ በ50 አይካፈልም። በ50 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ7 ገደማ ነው የሚካፈለው። 200 ሜትር መርከብ በ20 ኖት (ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው፤ አንዱ በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል) የሚጓዝ ከሆነ፣ 4 ሜትር የሆነው ሞዴል በሴኮንድ 1.45 ሜትር ያህል ይጎተታል። የእግረኛ ፍጥነት ነው። ያኔ ሞዴሉ የሚያስነሳው ማዕበል ከመርከቡ ማዕበል ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል።

ነገር ግን ሰበቃም አለ፤ ውሃው የመርከቡን ገላ እያሸ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል ነው። ሰበቃውን ለማመሳሰል ያው ሞዴል በዚያው ውሃ ውስጥ ከመርከቡ 50 እጥፍ መፍጠን አለበት፤ 1,000 ኖት ማለት ነው። ሁለቱን ባንድ ሙከራ ማሟላት አይሆንም። ፍሩድ ለያያቸው። የሰበቃውን ኃይል ስስ ጣውላዎች እየጎተተ አጠና። ከሞዴሉ ጠቅላላ ልኬት ላይ ሰበቃውን ቀነሰ። የቀረውን ወደ መርከቡ መጠን አሳደገ። በመጨረሻም የመርከቡን የራሱን ሰበቃ አስልቶ ደመረበት። ዛሬም የዓለም ገንዳዎች የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሐሳብ አላውቅም።

ሌላ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ፦ ታዲያ ኮምፒውተር ገንዳውን አልተካውም?

ብዙውን ሥራ ወስዷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተካውም። ስሌቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከልኬት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለናንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ኬሲኤስ የሚባል ለምርምር ብቻ የተነደፈ ኮሪያዊ የኮንቴይነር መርከብ ቅርጽ አለ። ርዝመቱ 230 ሜትር፣ ፍጥነቱ 24 ኖት። በእውኑ ዓለም አልተሠራም፤ ቅርጹና የገንዳ ልኬቱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የውሃን ፍሰት የሚያሰላው ኦፕንፎም የተባለው ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል። ስለዚህ ከዶርምህ ሆነህ አስልተህ ከእውነተኛ ልኬት ጋር ማስተያየት ትችላለህ።

የጋራዥ መካኒክ፣ ገላን፦ የመርከብ ሞተር ከመኪናው በምን ይለያል?

በመጠኑ ልጀምርልህ። ከትልልቆቹ አንዱ፣ ባለ 14 ሲሊንደሩ የቫርትሲላ ኩባንያ ሞተር፣ ከ2,300 ቶን በላይ ይመዝናል። የሲሊንደሩ አፍ 96 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒስተኑ 2.5 ሜትር ይመላለሳል። ግን በደቂቃ 102 ዙር ገደማ ብቻ ነው የሚዞረው። ካምቢዮ የለውም፤ ፍሪሲዮንም የለውም። ሞተሩ ውሃውን እየገፋ መርከቡን ከሚያስኬደው ፕሮፔለር ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ይቆምና በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና ይነሳል። ከነዳጁ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ መኪና እዚያ አይደርስም።

አንዲት እናት፣ አቃቂ፦ ልጄ መካኒካል ጨርሶ የመርከብ መሐንዲስ ልሁን አለ። ልፍቀድለት?

ይፍቀዱለት፣ እትዬ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ፤ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ያሠለጥናል። ሥራው ከቤት ለወራት ያርቃል። የሞተር ክፍሉ ይሞቃል፤ ጩኸቱም ከባድ ነው። ይህን ሳይደብቁ ይንገሩት።

የፊዚክስ መምህር፣ ቃሊቲ፦ ለተማሪዎቼ በትንሽ ወጪ ምን ላሠራቸው?

3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጣራ አሸንዳ ይግዙ። ጫፎቹን ደፍነው ውሃ ይሙሉት። ርዝመታቸውና ክብደታቸው እኩል፣ አፍንጫቸው ግን የተለያየ ትናንሽ ጀልባዎችን ከእንጨት ያስጠርቡ። ጀልባዋን በክር አስረው ክሩን ጫፍ ላይ ባለ ፑሊ ያሳልፉ። ከክሩ ጫፍ ትንሽ ብሎን ያንጠልጥሉ። ብሎኑ ሲወርድ ጀልባዋን ይስባል፤ ተማሪዎቹ በስልካቸው ሰዓት ይይዛሉ። አሸንዳው ጠባብ ስለሆነ ጀልባዎቹ ቀጭን ይሁኑ። ውሃው ሳይረጋ ሁለተኛውን ሙከራ አይጀምሩ፤ በትልልቆቹ ገንዳዎችም ይጠበቃል። የለኩትን ይላኩልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።