የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊትና የታሸገ ውሃ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር የአራት ወር ሕፃን እናት ነኝ። የቧንቧ ውሃ የማፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ውሃው በረኪና በረኪና ይሸታል። ጎረቤቴ ቅርፊቱ የኩላሊት ጠጠር እንደሚሆን ስለነገረችኝ የልጄን የዱቄት ወተት በታሸገ ውሃ መበጥበጥ ጀምሬያለሁ፤ ወጪው ግን ከብዶኛል። የታሸገው በእርግጥ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ የከተማችን ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከጣና ሐይቅ ሳይሆን ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ዝናቡ በአካባቢያችን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል፤ ውሃው ሲፈላም ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ይለይና በማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። የሎሚ ጭማቂ ጨምረው ቢያፈሉበት ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ የውሃ ጥንካሬ ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላወጣም፤ ለኩላሊት ጠጠር ይልቁንም ውሃ አሳንሶ መጠጣት በእጅጉ ያጋልጣል።

የበረኪናው ሽታ ክሎሪን ነው። ውሃው በመስመሩ ሲጓዝ በጀርም እንዳይበከል የሚጠብቀው እርሱ በመሆኑ፣ ቤትዎ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ቢቀር ይመረጣል። ሽታው ካስቸገረዎት ውሃውን በንጹሕ ዕቃ ቀድተው፣ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ሰዓት ቢያቆዩት ይቀንሳል። ብዙ የታሸጉ ውሃዎች የማይሸቱት በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚታከሙ ነው እንጂ የተለየ ንጽሕና ስላላቸው አይደለም።

ለልጅዎ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ናይትሬት ነው። ሽታም ቀለምም ጣዕምም ስለሌለው በአፍ አይለይም፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከማዳበሪያ እየሰረገ ይገባል። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ካለፈ፣ በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊቀንስና ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል። ማፍላት ደግሞ አያስወግደውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ላይ ይበረታል። ስለዚህ የታሸገ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ጽሑፉን ያንብቡ፦ ናይትሬት ከ50፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር መብለጥ የለባቸውም። ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሰው ጥርስ ያበላሸ በመሆኑ፣ ውሃው የተቀዳው ከየት እንደሆነም ይመልከቱ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ የታሸገ ውሃም ቢሆን ከጀርም ፍጹም ነጻ ስላልሆነ ለሕፃን ወተት መፍላት አለበት፣ ዱቄቱም የሚበጠበጠው ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ልጁ የሚጠጣው ግን ለብ ካለ በኋላ ነው። እንግዲህ ማፍላቱ ካልቀረልዎት በደህናው ጊዜ የቧንቧው ውሃ ይበቃዎታል። ቧንቧው ለቀናት ጠፍቶ ከሽንት ቤት አጠገብ ከተቆፈረ የጎረቤት ጉድጓድ በጀሪካን ለመቅዳት ሲገደዱ ግን ለልጅዎ የታሸገውን ይግዙ።