ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ይደክማል?

በዚህ ወር ከደረሱን የፊዚክስ ጥያቄዎች መካከል ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ብርሃን የተጻፉ ሦስት ጥያቄዎችን መርጠናል። የመጀመሪያው ከቤት ደኅንነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ማለዳ እንጀራ ለመጋገር የኤሌክትሪክ ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር የማድ ቤቱም የሳሎኑም አምፖል ይደበዝዛል፤ ምጣዱን ስነቅለው ይመለሳል። ባለቤቴ መብራት ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ምጣዱ ብርሃኑን እየተሻማው ነው ትላለች። የማንኛቸው እውነት ነው? የሚያሰጋስ ነገር አለው?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጎረቤትዎ ወደ እውነቱ ቀርበዋል፤ ነገር ግን ዋናው ተሻሚ ምጣዱ ሳይሆን ከቆጣሪው እስከ ቤትዎ የተዘረጋው ገመድ ነው።

ቮልቴጅ ኮረንቲውን በገመዱ ውስጥ የሚገፋው ኃይል ነው፤ በአገራችን ለመኖሪያ ቤቶች የሚደርሰውም 220 ቮልት ነው። ማንኛውም ገመድ፣ መዳብም ቢሆን፣ ለሚያልፍበት ኮረንቲ ጥቂት ተቃውሞ ያሳያል፤ ተቃውሞውም ገመዱ ሲረዝምና ሲቀጥን ይጨምራል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልት ኮረንቲው በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው። አምፖል ብቻ ሲበራ ኮረንቲው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልት አይታወቅም። ምጣድ ሲሰካ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በቁጥር እንየው። ምጣድዎ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ይህ ለ220 ሲካፈል ኮረንቲው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ቆጣሪው አጥሩ በር አጠገብ፣ ማድ ቤቱ ከጓሮ ሆኖ በመካከላቸው 30 ሜትር ቢኖር፣ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሚያልፍበት መዳብ 60 ሜትር ነው። ገመዱ በብዙ ቤት ለአምፖል የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ተቃውሞው 0.69 ኦም ያህል ይሆናል። 16 አምፔር በዚህ ሲባዛ 11 ቮልት ነው። እንግዲህ ከ220 ቮልት ውስጥ 11ዱ መንገድ ላይ ቀርቶ ለማድ ቤቱም ለሳሎኑም የሚደርሰው 209 ብቻ ነው ማለት ነው። አምፖሉ የደከመው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ለምጣዱም ይተርፋል፤ ሙቀት የሚለካው በቮልቱ ካሬ ስለሆነ ቮልቱ 5 በመቶ ሲጎድል የምጣዱ ሙቀት ወደ 10 በመቶ ይጎድላል፤ እንጀራውም ቶሎ አይበስልም፣ ዓይኑም እንደሚፈለገው አይወጣም።

የባለቤትዎ ግምትም በአንዳንድ ቤት እውነት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን የሚለይ ቀላል መንገድ እንጠቁማለን። ምጣዱ በሚሰካበት ሰዓት አምፖላቸው ደብዝዞ እንደሆነ ጎረቤትዎን ይጠይቁ። የእርሳቸውም ከደከመ እጥረቱ ከውጭው መሥመር ወይም ከትራንስፎርመሩ ነው፤ የእርስዎ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከእርስዎ ቆጣሪ ወዲህ ነው።

የሚያሰጋ ነገር አለው ወይ ላሉት፣ አዎን፣ አለው። በገመዱ ላይ የቀረው ቮልት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ በ60 ሜትር ላይ ተበትኖ ሲውል ገመዱን ለብ ከማድረግ ላያልፍ ይችላል። አደጋው ያለው ሁለት ገመድ ተጠማዝዞ በናስትሮ በተጠቀለለበት ቦታ ነው። መጋጠሚያው ላልቶ ተቃውሞው 0.2 ኦም ብቻ ቢደርስ፣ 16 በ16 ተባዝቶ በ0.2 ሲባዛ 51 ዋት ይሆናል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ከሚያቀልጥበት መበየጃ ሙቀት ጋር የሚተካከል ሲሆን፣ የሚያርፈው ከጣት ጫፍ በማይበልጥ ስፍራ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። በራሴ ቤት፣ ከማድ ቤቱ በር በላይ፣ ናስትሮው ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ አስቀድሞ የተሰማን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነበር፤ እኛ ግን ሽታው ከምድጃው የመጣ መስሎን ለሳምንታት ዝም ብለነው ነበር። ናስትሮው ሲፈታ የመዳቡ ጫፍ ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ፣ ሲነካም እየተፈረፈረ ወጣ።

ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ የሆነ፣ መካከሉ ያልተቀጠለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያዘርጉለት። በዚህ ገመድ ከላይ ያሰላነው 11 ቮልት ወደ 4 ይወርዳል። ምጣድን በኤክስቴንሽን መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአብዛኞቹ ኤክስቴንሽኖች ገመድ ቀጭን ነው።

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኮረንቲን የሚፈጥሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ኤሌክትሮኖች፣ በገመድ ውስጥ የሚሄዱት በጣም በዝግታ እንደሆነ ተምረናል። ታዲያ ማብሪያውን ስጫን የጣና በለስ ማመንጫ ኃይል ባሕር ዳር በቅጽበት እንዴት ይደርሳል?»

መልስ፦ የተማርከው ትክክል ነው። ቅድም ባየነው ገመድ 16 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ይባስ ብሎ በመሥመራችን የሚመጣው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ ባሉበት ከመርገብገብ በቀር ወደ ፊት አይጓዙም። በለስ ያለ ኤሌክትሮን ቤትህ አይደርስም። በአምፖልህ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ድሮም እዚያው የነበሩ ናቸው፤ የሚጓዘው ግፊቱ፣ ማለትም በገመዱ ዙሪያ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው፤ እርሱም ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይሄዳል። በውኃ የተሞላ ረጅም ጎማ በአንድ ጫፉ ስትገፋው በሌላው ጫፍ ወዲያው ውኃ ይወጣል፤ የወጣው ግን አንተ አሁን ያስገባኸው ውኃ አይደለም።

በለስን ካነሣህ አይቀር፣ ለእህታችን ምጣድ ያሰላነው ሕግ እዚያም እንደሚሠራ ልብ በል። ከጣና በዋሻ የሚወርደውን ውኃ የሚጠቀመው ይህ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ዐቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሁሉ በ220 ቮልት እንላክ ቢባል ከሁለት ሚሊዮን አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ ያን የሚሸከም ገመድ የለም። ኃይሉ የሚላከው ግን በ400,000 ቮልት ነው፤ ኃይሉ በሦስት ሽቦዎች ተከፋፍሎ መሄዱን ትተን በቀላሉ ብናሰላው ኮረንቲው ወደ 1,150 አምፔር ይወርዳል። በመንገድ የሚባክነው ሙቀት የኮረንቲውን ካሬ ስለሚከተል፣ ከዚህ የሚገኘው ቁጠባ እጅግ ከፍተኛ ነው። ምሰሶ ላይ የምታየው ትራንስፎርመርም ቮልቱን ለቤት ወደሚሆን መጠን የሚያወርድ የመጨረሻው መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ «የምማረው ዘጌ ነው፤ 8ኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ታንኳ የሚገፋበት ዘንግ ውኃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ ይመስላል። መምህራችን ብርሃን ስለሚታጠፍ ነው አሉን። ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ተሰብሮ አይቼው አላውቅም። ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ደጋግመሽ አስተውለሽ ያገኘሽው ነገር ስለሆነ ጥያቄሽን በደስታ ተቀብለነዋል። ብርሃን በአየር በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በውኃ ውስጥ ግን ወደ 225,000 ይዘገያል። ከዘንጉ ጫፍ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ዓይንሽ የሚመጣው ብርሃን ከውኃው ሲወጣ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ወደ ውኃው ገጽ ጋደል ይላል። ዓይንሽ ግን ብርሃን በመንገዱ እንደታጠፈ አያውቅም፤ በቀጥታ የመጣ አድርጎ ስለሚቆጥረው ጫፉን ከእውነተኛው ቦታው ከፍ አድርጎ ያሳይሻል። ውኃ ውስጥ ያለው የዘንጉ ክፍል በሙሉ እንዲሁ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ስብራቱ ወደ ላይ ይሆናል። አባትሽ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ቢያቆመውና ከላይ ብታዪው ስብራቱ ይጠፋል፤ ማጠሩ ግን ይቀራል።

ማጠሩ በልክ ነው። ከላይ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው የውኃ ጥልቀት የሚታየው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ በሰያፍ ሲታይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከታንኳው ላይ ሆነሽ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚመስልሽ ጥልቀት በእውነቱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ደረቴ ድረስ ነው ብሎ የዘለለ ልጅ ውኃው ከራሱ በላይ ሊሆንበት ይችላል። በክረምት ጎርፍ ጣናን በደለል ሲያደፈርሰው ደግሞ ብርሃኑ በአፈሩ ቅንጣት ስለሚበተን ወለሉ ጭራሽ አይታይም። ታናናሾችሽ ለመዋኘት ከመግባታቸው በፊት ዘንጉ እስከ ወለሉ ይግባ፤ ሲወጣም እርጥቡ የት ድረስ እንደደረሰ ከቁመታቸው ጋር አስተያዪው።