በመዝገቡ ዳር የተጻፈው

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ በጤና ሥራ ጸጉሬን አሽብቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከራሱ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ሌላው ቤት የሚያውቀውን ይዞ ስለሚመለስ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠፋ ሕዝብ ይጎዳል።

ግንቦት 1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በፊት ሕመሙ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ በመተማና በሁመራ ቆላ በሽታውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች ቀድሞም መኖራቸው ነው። ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ የሚወርደው የደጋ ወጣት በየዓመቱ ይመላለሳል፤ እውቀቱ ግን አብሮት አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ የማነበው በሌላ ዓይን ሆነ። በአንድ ጤና ጣቢያ የአንድ ልጅ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፎ አየሁ፤ ሦስቱም ጊዜ «ወባ» ይላል። የመኖሪያ ቀበሌው ተሞልቷል፤ የት ሠርቶ እንደመጣ የሚጠይቅ ዓምድ ግን የለም። ካላዛር ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ስለሚገለጥ ልጁም መንገዱን አላነሳውም። ጠይቄው በዳሩ ላይ በእርሳስ «መተማ፣ አረም» ብዬ ጻፍኩ። ለምርመራም ላክነው።

ከዚያ ወደ ግብርና ባለሙያ ሄድኩ። ሠራተኛው መቼ እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ሌሊት የት እንደሚያድር አንድ በአንድ ነገረኝ። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለኝ።

እናንተም በደብዳቤ ብቻ አትጠይቁ፤ ሂዱ፣ ቡና አብራችሁ ጠጡ። እኛ «ተጋላጭ» የምንለውን እነሱ «የጉልበት ሠራተኛ» ይሉታል፤ ቃላቸውን ካልተማራችሁ የያዛችሁት ወረቀት ብቻ ይሆናል። አስቀድማችሁ ግን የራሳችሁን ሙያ ጠንቅቃችሁ እወቁ፤ ባዶ እጁን የሄደ የሚለዋወጠው የለውም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማችን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ለአንድ ቡድን ሥራ ማሠልጠኑን ሳስብ ዛሬም እኮራለሁ።

በሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ ለዚህ ነጥብ አይሰጣችሁም። አንድ አለቃዬ «የሰው መሥሪያ ቤት ምን አገባህ?» ብለውኝ ነበር፤ አሞኛል፣ መሄዴን ግን አልተውኩም።

ደግሞም የወሰዳችሁትን መልሱ፤ ማን እንደነገራችሁም ስሙን አንሱ። እኔ ምርመራው ያሳየውን ይዤ ወደ ግብርና ባለሙያው ተመለስኩ። በዓመቱ ስሄድ፣ ገና ሳልጠይቀው፣ የአጨዳውን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ጠበቀኝ።