ከፓወር ሰፕላዩ ጀምሩ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፣ በየቤታችሁ ቦርድ ስትገጣጥሙ ለምታመሹ ልጆቼ፣

ሥራችሁን ሳይ ደስ ይለኛል። አንዱ የጓሮ አትክልት የሚያጠጣ ነገር ይሠራል፣ ሌላዋ ከሦስት አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ደህና ታወጣለች። አልሠራ ሲላችሁ ግን ሁላችሁም የምትሮጡት ወደ ኮዱ ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ቆይቼ ዛሬም መጀመሪያ የማየው የኤሌክትሪኩን መግቢያ ነው።

አርዱይኖ ኡኖ በምትባለው፣ ኮድ በሚጫንባት ትንሽ ቦርድ ላይ ትንሽ ሞተር አገናኛችሁ እንበል። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ቦርዱ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀምራል። ኮዱ ምንም አልበደለም። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ፣ ሲዞር ከሚወስደው ከረንት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ቦርዱን የሚመግበው ርካሽ ቻርጀር ይህን መስጠት ስለማይችል 5 ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ቺፑም ይጠፋል። የቦርዱ አንድ እግር (ፒን) ደግሞ ሳይጎዳ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፤ ሞተር በቀጥታ አይቀጠልበትም። በትንሽ ከረንት ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ትራንዚስተር አስነሱት፣ ሞተሩ ላይ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ገልብጣችሁ እሰሩ፣ የራሱን ፓወር ስጡት፤ ኔጋቲቩን ግን ከቦርዱ ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ። ይህን ሳትጨርሱ አንድ መስመር ኮድ አትንኩ።

ለጥሩ ፓወር ብዙ ብር አያስፈልግም። ከተጣለ ዴስክቶፕ የወጣ፣ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ይበቃችኋል፤ መክፈትም አያስፈልግም። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ስታገናኙት ይነሳል። ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ነው። ቀለሙን የሚቀያይሩ አምራቾች ስላሉ እያንዳንዱን በቮልት መለኪያው በቴስተር ለኩ። (ቴስተር ከሌላችሁ ከሁሉም ዕቃ በፊት እሱን ግዙ፤ ሦስት አራት ሆናችሁም ቢሆን አዋጡ።) 5 ቮልት ነው ብላችሁም አትናቁት፤ ከ20 አምፒር በላይ ሊያወጣ ስለሚችል ቀጭን ሽቦ ቢነካካ ግሎ ይቀልጣል። በየመስመሩ ፊውዝ አስገቡ።

ሽፋኑን መክፈት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት በዳዮዶቹ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም እዚያው ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። ጀማሪ የሆናችሁ አትክፈቱት። ልምድ ያላችሁም ብትሆኑ ነቅላችሁ ቆዩ፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ካፓሲተሮቹን ለኩ፣ ባዶ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ። ካፓሲተሩን በብሎን መፍቻ ብልጭ እያደረገ ባዶ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አትከተሉት።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቅርባችን አለ፤ ቅርበቱ ግን ቤታችሁ የሚገባውን ቮልት አያረጋጋውም። ኤሌክትሪኩ የሰፈሩን ትራንስፎርመርና ረጅም መስመር አልፎ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ንቀሉ፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ።

ስለ ሙቀትም ላንሳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስላለ ማራገቢያ ከቆላ ይልቅ እዚህ ያነሰ ያቀዘቅዛል። 7805 የሚባለው ሬጉሌተር (ቮልት ቀንሶ የሚያረጋጋ ቺፕ) 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት ሲያወጣ፣ በግማሽ አምፒር ብቻ 3.5 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሰፋ ያለ አሉሚኒየም እሰሩለት። ሐይቁ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ የሳጥኑን ቀዳዳ በጥሩ ወንፊት ሸፍኑ፤ ማታ መብራት አይቶ የሚመጣው ትንኝ ማራገቢያው ላይ ይለጠፋል። ወንፊቱን ማጽዳት አትርሱ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ስለምታወጧቸው የሊቲየም ባትሪዎች አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንዱ ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ብቻ ሙሉት። ያበጠውን ወይም የተወጋውን አትጠቀሙበት። ደህና የመሰላችሁንም ቢሆን ታናናሾቻችሁ በሚተኙበት ክፍል ሰክታችሁ አትተኙ።