ጓንዡ ደርሰሽ ካይፒንግን ሳታዪ አትመለሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን አየሁት። መጋቢት ላይ ለዕቃ ግዢ ጓንዡ ትሄጃለሽ፣ ሥራሽን ጨርሰሽ አራት ቀን ይተርፍሻል፣ ከታላቁ ግንብና ከቤጂንጉ ቤተ መንግሥት ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪካዊ ቦታ ንገሩኝ ብለሻል። እኔ ጓንዡ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ባቡር ላይ ነበርኩ። ለአራት ቀን ብለሽ ሰሜን ድረስ አትንከራተቺ። የእኔ መልስ ካይፒንግ ነው።

ከጓንዡ ወደ ደቡብ ምዕራብ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ፈጣን ባቡር አለ። መንደሮቹ ከከተማው ወጣ ብለው የተበታተኑ ስለሆኑ አውቶቡስ ስትጠብቂ ቀኑ ያልቅብሻል፤ የቀን ታክሲ ተኮናተሪ።

እዚያ የምታዪው ዲያሎው የሚባሉ ማማ ቤቶችን ነው። በሩዝ ማሳ መሃል አራት አምስት ፎቅ ብድግ ብለው ቆመዋል። ከታች ወፍራም ግድግዳ፣ የብረት መስኮት፣ ጠመንጃ የሚወጣበት ቀዳዳ። ከላይ ግን የግሪክ ዓምድ፣ እንደ መስጊድ ያለ ጉልላት፣ የአውሮፓ ቅስት፣ ሁሉም በአንድ ቤት ላይ ተደራርቧል። ዛሬ ከ1,800 በላይ ቀርተዋል፤ በ2007 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ማን ሠራቸው ካልሽ፣ ስደተኞች ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የዚያ አካባቢ ወንዶች ወደ አሜሪካና ካናዳ ለወርቅ ቁፋሮና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዱ። በ1882 አሜሪካ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች፣ ሕጉ እስከ 1943 ቆየ፣ አብዛኛው ሰውም ሚስቱን መውሰድ ስላልቻለ ያገኘውን ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ወንበዴው ደግሞ የውጭ ብር የሚመጣው ለየትኛው ቤት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። በዚያ ላይ ጎርፍ አለ። ስለዚህ በላኩት ገንዘብ ቤተሰባቸውን ከሁለቱም የሚያድን ማማ አሠሩላቸው። በ1922 ወንበዴዎች አንድ ትምህርት ቤት ወርረው ተማሪዎችን ጠልፈው ሲሄዱ፣ ከአንዱ ማማ ላይ መብራት በርቶባቸው የመንደሩ ሰው ከብቦ ያዛቸው፣ ልጆቹም ተረፉ። ከዚያ በኋላ ግንባታው ይበልጥ ተስፋፋ።

ዚሊ የሚባለው መንደር ግቢ። ሚንግሺ የሚባለውን ቤት ውስጡን እዪው፤ አልጋው፣ መስታወቱ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የቤተሰቡ ፎቶ እንዳለ ነው። እኔ ፎቶው ፊት ብዙ ቆምኩ። አክስቴ ጅዳ 14 ዓመት ሠርታ ኮምቦልቻ ቤት አሠርታለች። ግድግዳው ቆመ፣ ቀለሙ ተቀባ፣ ሶፋው ገባ፤ እሷ ግን አሁንም ጅዳ ናት። ያን ቀን እንባዬ መጣ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ በፊት ቻይና ውስጥ ያየሁት ሁሉ ያስደንቀኝ ነበር እንጂ የራሴን ቤት አስታውሶኝ አያውቅም።

ጊዜ ካለሽ ጂንጂያንግሊ ያለውን ዘጠኝ ፎቅ ጨምሪ። ሳንመንሊ ያለው ቀይ ጡብ ማማ ደግሞ ከሁሉም የቆየው ነው፣ ስደቱ ሳይጀመር ሚንግ የሚባሉት ነገሥታት ቻይናን በሚገዙበት ዘመን የተሠራ። ቺካን የሚባለውን አሮጌ ከተማ ብዙ ሰው ይመክርሻል፣ እኔ አልመክርሽም። ነዋሪው ወጥቶ ለጎብኚ ታድሷል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ያ ሰው የሚኖርበት መንፈስ ግን የለም።

ለካይፒንግ ሁለት ቀን ይበቃል። ለቀሪው ቹዋንዡን አስቢ፣ መንገዱ ግን ረዘም ይላል። በመካከለኛው ዘመን ዐረቦቹ ዘይቱን ይሉት የነበረ ወደብ ነው። በ1009 የተመሠረተ የድንጋይ መስጊድ አለ፤ የጸሎት አዳራሹ ጣሪያ ወድቋል፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ዐረብኛ ግን ዛሬም አለ። አጠገቡ ዕጣን የሚጨስበት የቻይናዎች ቤተ መቅደስ አለ፤ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እዚያው ያለውን ሎያንግ ድልድይንም ሳታዪ አትመለሺ። በ1059 ያለቀ ነው፣ የመሠረቱን ድንጋዮች ያጣበቁት ኦይስተር የሚባለውን ዛጎላም የባሕር ፍጥረት እላያቸው ላይ በማርባት ነው። ውኃው ሲሸሽ ወርጄ በእጄ ነክቼዋለሁ።

ሌላ ጊዜ ሰፋ ያለ ቀን ካገኘሽና ላሊበላን የምትወጂ ከሆነ፣ ቾንግቺንግ አጠገብ ያለው ዳዙ አለልሽ። ገደሉ ላይ የተፈለፈሉ ሐውልቶች ናቸው፤ የተኛው ቡድሃ ብቻ 31 ሜትር ነው፣ ያውም ሙሉ አካሉ ሳይሆን። እኔን ግን የያዘኝ ዶሮዎቿን የምትመግበው ሴት ቅርጽ ናት። የ800 ዓመት ሴት፣ ልክ እንደኛ ሰፈር።

አሁን ስለ ጉዞው። ባቡር ቲኬት በፓስፖርትሽ ነው የሚቆረጠው፣ ጣቢያም ሲገቡ እሱኑ ነው የሚያሳዩት፣ ሆቴል ጥለሽው እንዳትወጪ። ዊቻት ወይም አሊፔይ የሚባሉትን በስልክ መክፈያዎች አገር ቤት ሳለሽ አዘጋጂ። ትንንሽ ሆቴሎች «የውጭ ሰው አንቀበልም» ሊሉሽ ይችላሉ፤ እኔን አንድ ሆቴል በሌሊት መልሶኛል፣ በዝናብ። ስለዚህ ቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ። ኤፕሪል 4 ወይም 5 ላይ ቺንግሚንግ የሚባል የመቃብር መጎብኛ በዓል ስላለ ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ቀንሽን ከሱ አርቂው። መጋቢት እርጥበትና ዝናብ አይጠፋም፣ ጃንጥላ ያዢ።

ጾም ላይ ነኝ ስላልሽ፣ ቀላል ነው። «ዎ ቺ ሱ» በያቸው፣ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። እንቁላልና ወተት ግን ለየብቻ ጠይቂ። የቡድሃ ቤተ መቅደሶች አጠገብ ብዙ ጊዜ ከሥጋ ነጻ የሆኑ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፣ ቶፉና እንጉዳዩ በጣም ይጣፍጣል።

የመንደሮቹን ስም በቻይንኛ ፊደል ጽፌ ይዣለሁ። ኢንቦክስ አድርጊኝና እልክልሻለሁ፣ ለታክሲ ሹፌሩ ስልክሽ ላይ ታሳዪዋለሽ።